ሳጥኑ ቀኑን ያረመ ዕለት

ደብረ ታቦር ኮምፒውተር እየጠገንሁ የምኖር ሴት ነኝ። ሙያዬን የምጠላበት አንድ ምክንያት አለኝ።

እናቴ ታማ ከአባቴ ጋር ከጋሳይ ገጠር ወደ እኔ ቤት ሲመጡ፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር የገጠምሁት መዝሙር የሚያጫውት ትንሽ ሳጥን ነበረኝ። የምፈልገውን ትእዛዝ በፋይል ጽፌ ካስቀመጥሁለት ራሱ በየሰዓቱ ይፈጽማል። አባቴ ገና እንደተቀመጡ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቀን አዩና፣ «የፈረንጅ ዘመን እዚህ ቤት ምን ይሠራል? የእኛን አድርጊልኝ እንጂ» አሉ። አቆጣጠሩን የሚያሰላ ፕሮግራም መጻፍ ነበረብኝ። ሰነፍሁ። በአንድ መስመር ትእዛዝ የሳጥኑን ሰዓት ራሱን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ፣ ወደ እኛ ዘመን መለስሁት። ሳጥኑ ትክክለኛውን ቀን የሚወስደው ከኢንተርኔት ነው፤ ያን ጊዜ ግን ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር የሚያርመው አልነበረም።

ከዚያ የእናቴን ድምፅ እዚያው ላይ ቀዳሁ፤ ስትመርቅ፣ ስታሾፍ፣ አባቴን «አንቱ፣ ገብሱ ሳይደርቅ እንዳይወቁት!» ብላ ስትቆጣ። የሪሞቱ ቀይ ቁልፍ ሲነካ ድምጿ እንዲወጣ አደረግሁ። ካረፈች በኋላ አባቴ በየጠዋቱ ጸሎታቸውን አድርሰው ቀዩን ይጫናሉ። «አንቱ» ስትላቸው፣ «እሺ፣ እሺ» ይሏታል።

ኢንተርኔቱ በተመለሰ ቀን ሳጥኑ ቀኑን ራሱ ወደ ፈረንጅ ዘመን አረመ። ቦታ እንዳይሞላ ብዬ ድሮ የጻፍሁት ሌላ ትእዛዝ ነበረበት፦ ዓመት ያለፈውን ፋይል ሁሉ አጥፋ። እናቴ ከሞተች አራት ወሯ ነበር። ሳጥኑ ግን በእኛ ዘመን የተቀዳውን ድምጿን ዓመታት እንዳለፉት ቆጥሮ ጠራርጎ አጠፋው። ሌላ ቅጂ የለኝም። ሰውን ሁሉ «ቅጂ ያዙ» እያልሁ የምመክር እኔ!

አባቴ ቁልፉን ደጋግመው ተጫኑ። «ዛሬ ምነው ዝም አለች?» አሉኝ። ሁለት ቀን ገመዱ ነው፣ መብራቱ ነው እያልሁ ዋሸኋቸው። በሦስተኛው ቀን አላስችል አለኝ፤ ቀኑን ስቀይር ያበላሸሁት መሆኑን እያለቀስሁ ነገርኋቸው።

ሪሞቱን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጡት።

«በይ አታልቅሺ፣ ልጄ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። የእኛን ዘመን አድርጊልኝ ብዬ የጨቀጨቅሁሽ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ስንፍናው የእኔ ነበር። «አይደለም፣ አባባ» ብላቸው ይቀልላቸው ነበር፤ አላልኋቸውም። እስከ ዛሬ አባቴ የእናቴን ድምፅ ያጠፉት እሳቸው ይመስላቸዋል።