የፀጉር አስተካካዩ ቡችላ

በሰፈሩ ካሉት ፀጉር አስተካካዮች ሁሉ እጁ የተመሰከረለት እሱ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ሲያንሸራትት አንድም ሰው ጭሮ አያውቅም። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ቤት ከእግሯ እስከ ራሷ የምትንቀጠቀጥ ቡችላ ትግባ? ገባቻ።

ያመጣቻት ሚስቱ ናት። የእንስሳት ሐኪሙ እያገላበጠ አያትና፣ «ሚዛን የሚጠብቀው የአንጎሏ ክፍል ከእናቷ ሆድ ጀምሮ በደንብ አላደገም። አያማትም፤ አይድንም፣ አይብስባትምም። ብቻ ደጋፊ ትፈልጋለች» አለ። ደጋፊው ባልየው ሆኖ አረፈው። ቡችላዋ ምግብ ላይ ባነጣጠረች ቁጥር ጭንቅላቷ ይብሱን ስለሚወዛወዝ፣ ሳህኑን ስታ አፍንጫዋን ከወለሉ ጋር ታጋጫለች። እሱ የደንበኛ ራስ እንደሚይዘው አገጯን በሁለት ጣቱ ደገፍ ሲያደርጋት ግን ቀጥ ብላ ትበላለች። ለማንም አይናገርም እንጂ ነፍሱ ናት።

ሚስቱ ሥራ ስትሄድ ፀጉር ቤቱ ጓዳ ውስጥ ይደብቃታል። ደንበኛ ካያት «በሽታዋ ይጋባ ይሆን?» ብሎ ይሸሸኛል የሚል ስጋት አለበት።

አንድ ቀን ጠዋት የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ፊቱ አረፋ ተቀብቶ እንደተቀመጠ፣ ቡችላዋ የጓዳውን በር በአፍንጫዋ ገፍታ ወጣች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ወደቀች፤ ተነስታ ደግማ ወደቀች። ተራ የሚጠብቀው የታክሲ ሹፌር ሳቁ አመለጠው።

«ይቺ ደግሞ በጠዋቱ የት ጠጥታ ነው? ጋሼ፣ የእርስዎ ናት እንዴ? ብቻ ምላጩን እንዳያስይዟት።»

ዳይሬክተሩ በመስታወቱ ውስጥ ቀና ብሎ ፀጉር አስተካካዩን አየው።

«ኧረ እኔ አላውቃትም፤ ከመንገድ ገብታ ይሆናል» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«እንግዲያው እኔ ልገላግልዎት» ብሎ ሹፌሩ ማጅራቷን ይዞ አወጣት፣ መንገድ ዳር አስቀምጧትም ተመልሶ በሩን ዘጋ። ፀጉር አስተካካዩ መላጨቱን ቀጠለ። እጁ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም፤ እንዴት ያለ ሰው ነው በሉ።

አንደኛውን ጉንጭ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ሊያልፍ ሲል፣ ውጭ የመኪና ክላክስ አምባረቀ። ምላጩን ጥሎ ሮጠ።

አልተገጨችም። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተንበርክካ ነበር። ስታየው ጭራዋን ቆላች፤ ስትቆላ ሰውነቷ ሁሉ ተወዛውዞ ወደቀች፤ ወድቃም መቁላቷን አልተወችም። ምነው በነከሰችኝ አለ በልቡ። ፊቱ በሃፍረት ጋለ።

አቅፏት ገባ። «የኔ ናት» አለ፣ ማንንም ሳያይ።

ሹፌሩ አቀረቀረ። ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ዳይሬክተሩ ዞር አለና፣ «ታዲያ ቅድም ለምን ካድካት?» አለው።

ፀጉር አስተካካዩ ፊቱን ወደ እሷ ዝቅ አደረገ። ቡችላዋ ደግሞ ምን እንደተደረገባት ጨርሶ ሳይገባት፣ እቅፉ ውስጥ ሆና ጉንጩን ልትልስ ታነጣጥራለች፤ ትስታለች፤ እንደገና ታነጣጥራለች።