ኪሱ ውስጥ የቀረው ጀንፈል

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ልብሶቹን ሰጥቼ ለመጨረስ ወራት ፈጀብኝ። የማስተማሪያ ጋዋኑን ግን ከበሩ ጀርባ ካለው ሚስማር አላወረድኩትም። እዚህ ጭሮ ጠዋት ጠዋት ጉም ከተራራው ወርዶ መስኮቱን ሲሸፍነው፣ ጋዋኑ ለመውጣት የቆመ ሰው ይመስለኛል። በኪሱ እፍኝ የማይሞላ ጀንፈል ነበር፤ ከነገለባው የደረቀ ቡና።

በግብርና ኮሌጅ የቡና አሰልጣኝ ነበር። ሰልጣኞቹ በሞጁሉ መሠረት ቀይ ቡና መፈልፈልና ማጠብ ይማራሉ። በአንዱ ዓመት መቻራ አካባቢ ሰፊ የቡና እርሻ ያላቸው አንድ ሐጂ አራቱን ለትብብር ሥልጠና ተቀበሉ፤ ከወደዷቸው ሊቀጥሯቸው። ሐጂ ለለቅሶ ገለምሶ በሄዱበት ቀን፣ አራቱ ሰልጣኞች ሊያስደስቷቸው ብለው የተለቀመውን ቡና ሁሉ የዝናብ ውሃ በተጠራቀመበት ገንዳ ውስጥ ዘፍዝፈው አጠቡት። ቤተሰቡ እስከ በልግ የሚጠጣው ውሃ ነበር። እዚያ አገር ቡና አይታጠብም፤ ከነገለባው ፀሐይ ላይ ይሰጣል።

ባለቤቴ ተጠርቶ ሄደ። ሐጂ አልጮሁበትም።

"መምህር፣ ቡናዬን ክርስትና አነሳችሁልኝ" አሉት። "እኔ ውሃ የለኝም። የምፈልገው ጆሮ ያለው ሰው ነው።"

ከዚያ ቡና ከሚሰጣበት የሽቦ አልጋ ላይ ጀንፈል ዘግነው ጆሮው ሥር ነቀነቁለት። በደንብ የደረቀ ጀንፈል ውስጡ ያለው ፍሬ ገለባውን እየመታ ይንኳኳል። ያልደረቀው ዝም ይላል፤ ዝም የሚለው ከተከማቸ ይሻግታል።

"ይህን የሚለይ ስታገኝ አንተው ራስህ ይዘኸው ና። እስከዚያ ከእናንተ ማንንም አልቀጥርም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ሌላ ሰው ሆነ። ከኮሌጁ ጓሮ የሽቦ አልጋ ሠራ። ሰልጣኞቹን ዓይናቸውን አስጨፍኖ ያስደምጣቸው ጀመር። ቤትም እያነበብኩ ሳለ ቀስ ብሎ ከኋላዬ ይመጣና የጨበጠውን ጀንፈል ጆሮዬ ሥር ይነቀንቃል።

"ደርሷል?"

"ደርሷል" እለዋለሁ፣ ምንም ሳልለይ።

"አንቺማ አትቀጠሪም።"

ሐምሌ ላይ አረፈ፤ ማንንም ወደ ሐጂ ሳይወስድ።

ኅዳር ላይ ከመጨረሻዎቹ ሰልጣኞቹ አንዷ፣ የመሰላ ወረዳ ልጅ፣ ቤቴ መጣች። ተመርቃ ሥራ አላገኘችም። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ጋዋን ስታይ አቀረቀረች።

"እትዬ፣ ሐጂ ጋ ደውዬ ነበር። መምህሩ ራሱ ይዞሽ ይምጣ፣ ቃላችን እንደዚያ ነው አሉኝ። ቲቸር የለም ማለት አቃተኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁት።"

"እኔንም ያቅተኛል" አልኳት።

በማግስቱ ጋዋኑን አጥፌ በዘንቢሌ ያዝኩና አብረን ሚኒባስ ተሳፈርን። ከገለምሶ በኋላ መንገዱ ይንጠናል፤ እኔ ግን እንደተወዘወዘ ሕፃን ዓይኔ ይከደናል። የጫቱና የቡናው እርከን በአቧራው ውስጥ እየመጣ ይሄዳል። ከፊቴ የተቀመጠው ሰው ትከሻ የባለቤቴን ይመስላል። እንዳይዞር ፈራሁ። መቻራ ደርሶ ሲወርድ ፊቱን ሳላይ ቀረሁ።

ሐጂ ከእርሻው በር ተቀበሉን። ጥቁር ልብሴን አዩ፣ ከዘንቢሌ ብቅ ያለውን ጋዋን አዩ። ማንም ምንም ሳይነግራቸው "ኢናሊላሂ" ብለው ለሞተው አዘኑና ወንበር አስመጡልኝ። ልጅቷን ወደፊት አቀረብኳት።

"ቃል ቃል ነው" አሉ በመጨረሻ። "እሱ እንደመጣ እቆጥረዋለሁ። እንስማት።"

ልጅቷን ጀርባዋን አስዞሯት። ለቃሚዎቹ ሥራቸውን ትተው ተሰበሰቡ። እኔ ዘንቢሌን አጥብቄ ይዣለሁ፤ ካጠፋች የባለቤቴም ልፋት አብሮ ይመለሳል። ሐጂ ከአንዱ አልጋ ዘግነው ነቀነቁ።

"ይህስ?"

"ደርሷል።"

"ይህስ?"

"ሁለት ቀን ይቀረዋል።"

"ይህስ?"

ልጅቷ እንዲደግሙላት ጠየቀች።

"ተደባልቋል ሐጂ። ከደረቀው ላይ እርጥቡን ጨምረውበታል።"

"ተያዙ ሐጂ!" አለች አንዷ ለቃሚ። ሁሉም ሳቁ።

"ወላሂ እኔ አይደለሁም፣ ልጆቼ ናቸው" አሉ ሐጂ እየሳቁ። "ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ሰኞ ሥራ ጀምሪ።"

ያን ጊዜ ጀንፈሉን ከጋዋኑ ኪስ አወጣሁ። እንዲሰሙለት ፈልጌ ነበር። ነቀነቅኩት። ዝም አለ። ደግሜ ነቀነቅኩት፤ አሁንም አልተናገረም። ልጅቷ ከእጄ ተቀብላ አዳመጠች።

"ክረምቱን ሙሉ ጉም ጠጥቶ ነው እትዬ። ፀሐይ ሲያገኝ ይመለሳል።"

ሐጂ ከአልጋው ጥግ ቦታ ለዩለት፣ ከሌላው እንዳይቀላቀል። ሚኒባሱ እስኪመጣ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፀሐዩ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ የሽቦውን ጥላ በአፈሩ ላይ እያየሁ ያለሁበትን ረሳሁ። ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ፣ ጆሮዬ ሥርም የተጨበጠ እጅ መጣ።

"ደርሷል?" አለች ልጅቷ።

አዳመጥኩ። ከሩቅ እንደሚመጣ ድምፅ ጥቂቱ ይንኳኳል፣ ብዙው ዝም ይላል።

"ገና ነው" አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ለይቼ ነበር።

"እርስዎም ሰኞ ይምጡ" አሉኝ ሐጂ።

ጀንፈሉን እዚያው ለልጅቷ ተውኩላት። ጋዋኑን እንደገና አጥፌ ወደ ሚኒባሱ ሄድኩ።