ሁልጊዜ ደህና ነኝ የሚል ሞተር

ከኮምቦልቻ የወጣሁበት ሌሊት ጨረቃ አልነበረችም። እማዬ በስልኳ መብራት መንገዱን እያሳየችኝ፣ ያበጠ እግሯን እየጎተተች እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። «ይበቃል፣ ተመለሺ» ስላት «የታመመው እግሬ ነው እንጂ ዓይኔ አይደለም፤ ልይሽ» አለችኝ። አውቶቡሱ ሲነሳ ፊቷ ጨለማ ውስጥ ቀርቶ ያቺ ትንሽ መብራት ብቻ ታየችኝ።

እዚያ ያላችሁ፣ ይህንን ስደት ስለው እንደምትስቁ አውቃለሁ። ባሕር አልተሻገርኩም፣ በረሃ አላቋረጥኩም፤ በቃ፣ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ አዲስ አበባ ገባሁ። ግን እኛ ዘንድ መንገደኛ እንኳ የከብቱን፣ የልጁን፣ የዝናቡን ነገር ሳይጠይቅ አያልፍም። እዚህ ታክሲ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ከኦሎምፒያ ደምበል እስክንደርስ ማንም ማንንም አያይም። ብርዱማ አጥንት ይገባል። የማሽላ እንጀራ ቢያምረኝ ባለሱቁን ማሽላ አለ ወይ አልኩት፤ «ዶሮ ታረቢያለሽ እንዴ?» አለኝ።

መጀመሪያ ያረፍኩት ካዛንቺስ፣ የእማዬ እህት አክስቴ ዘይነባ ቤት ነበር። እዚህ ላለው የአገራችን ሰው ሁሉ መርዶ የምታደርስ እሷ ናት። ክፉ ወሬ በስልክ አንናገርማ! ከአገር ቤት ለእሷ ይደወላል፣ እሷ ጎህ ሲቀድ ሻሿን አስራ ወደ ሰውየው ቤት ትሄዳለች። አንዳንድ ጎረቤትማ ስኳር ልትበደር ስታንኳኳ እንኳ ገና በሩን ሳይከፍት ያለቅስ ነበር። «እኔ ስመጣ ሰው ደስ ብሎት አያውቅም» እያለች ትስቃለች። ካዛንቺስ ሲፈርስ እሷ ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ገባች፤ እኔ ለሥራዬ እንዲቀርበኝ ላንቻ ቤት ፈለግሁ።

አከራዬ ወይዘሮ አስቴር በሩ ላይ አቁመው መረመሩኝ።

«ባል?»

«የለኝም።»

«ጥሩ። ልብስ ታጥቢያለሽ?»

«አዎ።»

«እሱ ነው መጥፎው። ውሃ እዚህ ሲፈልግ ነው የሚመጣው። አንድ ጄሪካን ይደርስሻል፣ ከዚያ በኋላ አላውቅሽም። ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ያገለገሉ ኤክስካቫተሮችን ብልሽት እመረምራለሁ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «እስካባተር? ያ ካዛንቺስን ያረሰው?»

«ማለቴ፣ እኔ የማየው ኤሌክትሪኩን ነው።»

«ምኑንም እዪው። ብቻ ወደዚህ ሰፈር ሲዞር ከሁሉ በፊት ለእኔ ትነግሪኛለሽ። ግቢ።»

እንግዲህ ሥራዬ ይህ ነው። የዛሬ ኤክስካቫተር ሲታመም ራሱ ይናገራል፤ ሴንሰሮቹ ያዩትን ለኮምፒውተሩ ያቀብላሉ፣ ኮምፒውተሩ የብልሽት ኮድ ያወጣል። እኔ ስካነር ሰክቼ ኮዱን አነባለሁ፣ ከዚያ መጽሐፉን እገልጣለሁ። ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጅ በሚያሳድጉበት ዕድሜ ነው፤ ለዚህ ይሆን እንጃ፣ ያነበብኩትን በእጄ ነክቼ ካላጣራሁ አላምንም። ጋራዥ አብሮኝ የሚሠራው መካኒክ ሳሚ «አንቺኮ መጽሐፍ ነው ያገባሽው፤ ሰርግሽን ሳንበላ ቀረን» ይለኛል። ከሥራ በኋላ እሱ ከጓደኞቹ ጋር ይሄዳል። እኔ ክፍሌ ገብቼ አነባለሁ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ወይዘሮ አስቴር ሲያስሉ «ይማርዎት» እላለሁ፣ በቀስታ፣ እንዳይሰሙኝ። አንዳንድ ቀን ከጋራዥ ከወጣሁ በኋላ የምናገረው እሱን ብቻ ነው።

ጁምዓ ጁምዓ ለእማዬ እደውላለሁ። እማዬ ደህና ነኝ ማለት አታውቅበትም። አንድ ቀን እግሯ ነው፣ ሌላ ቀን ጎመኗን የጨረሰችው የጎረቤት ፍየል ናት፣ ሌላ ቀን እኔው ነኝ፤ ከስተሻል አሉኝ ብላ ትቆጣኛለች። ደህና ነኝ የምለው እኔ ነበርኩ። ቆይቶ ግን ስልኩን ወንድሜ ሰኢድ ማንሳት ጀመረ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፣ ተኝታለች።»

በሚቀጥለውም ጁምዓ ያንኑ፣ ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ። እግሯስ ስለው «ደህና ነው»። ካረፈች ጥሩ ነው ብዬ ዘጋሁ። ከዚያ በኋላም እንዲሁ።

በዚያ ሰሞን ከውጭ ተገዝቶ የገባ ያገለገለ ኤክስካቫተር ጋራዣችን መጣ። ጠዋት እንደ አንበሳ ይቆፍራል፣ ፀሐይ ከበረታች በኋላ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ከራዲያተሩ እንፋሎት ይወጣል። ዳሽቦርዱ ላይ ግን አንድም ኮድ የለም። ሳሚ ስካነሩን አይቶ «ንጹህ ናት፣ ምንም የላት። ሹፌሩ ነው ችግሩ» አለ።

በማግስቱ ማንም ሳይመጣ ገባሁ። ቁልፉን ብቻ ከፍቼ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ ስካነሩን አየሁ። የሞተሩ ውሃ ሰማንያ አምስት ዲግሪ ነው ይላል። ሞተሩን በእጄ ነካሁት፤ በላንቻ ብርድ ያደረ ብረት፣ በረዶ ነው። ሳሚ ሲመጣ አስነስተን አሞቅነው። አሁንም ሰማንያ አምስት። የሙቀት ሴንሰሩን ገመድ በጣቴ ተከተልኩት፤ መሃሉ ላይ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። ስፈታው ስንዴ የምታክል ሬዚስተር ወጣች፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ምልክት ብቻ የምታሳልፍ የኤሌክትሪክ ዕቃ። ሴንሰሩ ከገመዱ ተለይቷል፣ በእሱ ፈንታ ለኮምፒውተሩ የምትመልሰው እሷ ናት።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለ ሳሚ።

«ሴንሰሩን ዝም ብለው ቢነቅሉት ኮምፒውተሩ ያውቃል፣ ኮድ ያወጣል። ስለዚህ አንድ መልስ ሰጡት። በረደም ሞቀም ደህና ነኝ ይላል።»

«ተሸውደናላ በቃ! ትንሽ ብትቆይ ሞተሩ ይቀልጥ ነበር፣ አይደል?»

ሬዚስተሯ መዳፌ ላይ ነበረች። የሰኢድ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ።

እጄን ሳልታጠብ ደወልኩ።

«ዛሬኮ ማክሰኞ ነው» አለ ሰኢድ ደንግጦ።

«እማዬን አቅርብልኝ።»

«ደህና ናት፣ ተኝታ—»

«ቀስቅሳት። እግሬን አመመኝ ትበለኝ። ስለ ፍየሏ ትንገረኝ። ትቆጣኝ።»

ከጀርባው የሰዎች ድምፅ ይሰማኛል፤ ማክሰኞ ጠዋት፣ ብዙ ሰው። ከዚያ «አብሽሪ፣ እህቴ» አለኝ። «ነገ ሥራ አትሂጂ። አክስቴ ዘይነባ በጠዋት አንቺ ጋ ትመጣለች።»

«ለምን?»

«እንዲሁ ነው። ናፍቃኛለች ብላ ነው።»

ቤት ስገባ ወይዘሮ አስቴር ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። «ምነው ቶሎ ገባሽ?»

«ነገ አክስቴ ትመጣለች። በሩን ይከፍቱላታል?»

«በስንት ሰዓት?»

«ጎህ ሲቀድ።»

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ተነስተው ወደ ውስጥ ገቡ። አግዳሚ ወንበር እየጎተቱ አምጥተው ደጄ ላይ አኖሩት፤ ተመልሰው ሙሉ ጄሪካን አመጡ፣ ደግመው ሌላ። «ነገ ውሃ ያስፈልግሻል» አሉ ሳያዩኝ።

አግዳሚው ላይ አልተቀመጥኩም። አክስቴ አንዳንድ ጊዜ የሰው በር የምታንኳኳው ስኳር ልትበደር ነው። ሳይመሽ ብዬ ወደ ሱቅ ወጣሁና ስኳር ገዛሁ።