ለወንድሜ ያነበብኩት ዕጣ

የሎተሪ አዟሪ ድምፅ ማጉያ በሰማሁ ቁጥር እርጥብ ድንች ይሸተኛል። ወንድሜ ጋሻው፣ ገሳይ ከተማ መንገድ ዳር አይሱዙ ላይ ድንች ጫኝ ነበር። ልብሱን ሲቀይር እንኳ ያ ሽታ አይለቀውም።

ፊደል አልቆጠረም። ዕጣ በወጣ ቁጥር የማነብለት እኔ ነበርኩ፤ አሥረኛ ክፍል ነኝ። መጀመሪያ እጄን ያስታጥበኛል። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ፣ ቅዳሴ እንደሚያስቀድስ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል።

«በሉ የኔታ፣ ያንብቡልኝ» ይለኛል፤ ታናሹን አንቱ እያለ።

አንድ ጊዜ የበግ መግዣ ደርሶት ነበር። ከዚያ ወዲህ መተው አልቻለም።

ያን ቀን ሁሉም እንደ ወትሮው ነበር። እናታችን ደጅ ገብስ ታበጥራለች። እኔ ግን ተቀይሜዋለሁ። ለጫማዬ የተቀመጠውን ብር ትኬት ገዝቶበታል። ትምህርት ቤት «የባለ ሎተሪው ወንድም» እያሉ የተቀደደ ጫማዬን ይረግጡብኛል።

ትኬቱን ከወጡት ቁጥሮች ዝርዝር ጋር አስተያየሁ። አይገናኝም።

«ወጥቶልሃል» አልኩት።

«ስንተኛው?»

«አንደኛው።»

አልጮኸም። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ።

«ያችን ጫማማ ዛሬውኑ እሳት ውስጥ ጣላት» አለ። ትኬቱን ነጠላው ጫፍ ላይ ቋጥሮ ወጣ።

ጫኞቹ ዘንድ ሄዶ የሚያወራ መስሎኝ ነበር። ሲስቁበት፣ አፍሮ ሲመለስ ለማየት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። እሱ ግን ለካ ብሩን ሊቀበል ባሕር ዳር ለመሄድ ድንች የጫነ አይሱዙ ላይ ወጥቷል። መኪናው ሐሙሲት ሳይደርስ ተገለበጠ።

በማግስቱ ጠዋት ቤታችን በለቀስተኛ ሞላ። አስለቃሿ ዕጣ ወጣለት መባሉን ሰምታ ያልበላውን ሀብቱን እያነሳች ታስለቅሳለች። አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ትኬቱስ የት ገባ? ልጁ ቢሞት ዕጣው አይሞት» አለኝ።

እናቴ ከአስከሬኑ ጋር የመጣውን ነጠላውን አቅፋ ተቀምጣለች። ቋጠሮውን አልፈታችውም ነበር። ተቀብያት ፈታሁት። ወጥቼ እጄን ታጠብኩ። ዝርዝሩን ይዤ ተመልሼ እሱ ይቆም እንደነበረው ቀጥ ብዬ ቆምኩና ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበብኩ፤ መጀመሪያ የትኬቱን፣ ከዚያ የዝርዝሩን።

«አልወጣም፣ እማ። ዋሽቼው ነው።»

እናቴ ቀና ብላ አላየችኝም። ባዶውን የነጠላ ጫፍ በጣቷ ታሻሽ ነበር።

«እንደገና አንብበው» አለች።

አነበብኩት።