ጽጌ ያስተማረችኝ ክራር

ባለፈው እሑድ አቦከር ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ምስር ስለቅም የጎረቤቴ ልጅ ክራር ስትለማመድ ሰማሁ። ትሳሳታለች፤ እንደገና ትጀምራለች። የጀማሪ ድምፅ ደስ ይላል፤ እኔ ግን ምስሩን ትቼ አዳመጥኩ። ጽጌ ትዝ አለችኝ።

ጽጌ የወታደር ልጅ ነበረች፤ የክፍል ጓደኛዬ። ኤረር በር አካባቢ አጥር ለአጥር ነበር የምንኖረው። የወንድሟን ክራር ይዛ ትወጣና ግቢያቸው ካለው የጊሽጣ ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። ዝናቡ አባርቶ ጊሽጣው የሚበስልበት ወቅት ስለነበር ጣታችን እስኪጣበቅ እንበላለን፤ ከዚያ ታጥበን ነው ክሩን የምንነካው። የትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ አንድ ክራር ተጫዋች ሊመርጥ ነበር፤ ሁለታችንም ተመዝግበናል።

"ቀኝ እጅሽን አፍጥኚ" ትለኛለች። "ግራው ክራሩን ደግፎ ይያዝ፤ ሌላ ሥራ የለውም።"

"አንቺስ አትለማመጂም?"

"እኔ ከወንድሜ ጋር እለማመዳለሁ። አሁን ያንቺ ተራ ነው።"

እንዲህ ያለ ጓደኛ ከየት ይገኛል? እላለሁ በልቤ። ጣቴ ውሃ እስኪቋጥር ክራሩን ገረፍኩት። ድምፁ ግን እንደ ገበያ ጫጫታ ይደባለቅብኛል። "ስትፈጥኚ ይጠራል" አለችኝ፤ አመንኳት።

የፈተናው ቀን መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ትንሽ እንደተጫወትኩ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። መምህራችን አልሳቁም።

"የግራ ጣቶችሽ ምነው ተኙ? የማይፈለገውን ክር የሚያፍኑት እኮ እነሱ ናቸው። ማነው ያስተማረሽ?" አሉኝ።

ወደ ቦታዬ ስመለስ ጽጌ ተጠራች። ስትጫወት ያየኋት ያን ቀን ነው መጀመሪያ። የግራ ጣቶቿ ክሮቹ ላይ ይነሳሉ፣ ያርፋሉ፤ ዜማው ጥርት ብሎ ይወጣል። እጇን እንጂ ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

ወደ ቤት ስሄድ ሮጣ ደረሰችብኝ። "ተቀየምሽኝ?"

"እያወቅሽ ነው?"

አንገቷን ደፋች። "የሚፈልጉት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያንቺ ጣት ደግሞ ከኔ ይፈጥናል።"

ክራሩን ብትከለክለኝ ኖሮ እችለው ነበር። እሷ ግን ከእጇ አውጥታ ሰጥታኝ፣ ጊሽጣ ከፍላ አጉርሳኝ ነው ያሳሳተችኝ። ቤተሰቧ ወደ ሌላ ከተማ እስኪዛወር ድረስ ካጥሩ ማዶ ብትጣራም አቤት አላልኳትም። የግራውን እጅ አሠራር በኋላ መምህራችን አሳዩኝ፤ ለራሴ የምጫወት ያህል ቻልኩ።

ዛሬ የልጆች እናት ነኝ፤ ሰውም አምናለሁ። ብቻ አንዱ "ላሳይሽ" ብሎ የማላውቀውን ነገር እጄ ላይ ሲያስቀምጥልኝ፣ ሳላስበው መልሼ እሰጠዋለሁ።

"እስቲ አንተ ቅደም" እለዋለሁ። "እኔ እጅህን ልይ።"