ለማንጎዬ ዋስ ሆንኩ

መርሳ ከተማ ባለው ጓሮዬ ቃሪያውም ሰላጣውም እሺ ሲል ማንጎው ብቻ ከቅጠል በቀር ፍሬ አላሳይ አለኝ። ጎረቤቴን አባ ሰይድን ባማክራቸው፣ «ይህስ ማስፈራራት ነው የሚሻው። እኔ በምሳር ልቁረጠው ስል አንተ ትለምንለታለህ» አሉኝ። የራሳቸው ማንጎም ከአጥሩ ማዶ ቅጠል ብቻ ተሸክሞ ቆሟል። ቢሆንም ታላቅ ናቸውና እሺ አልኩ።

ለይምሰል መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ምሳሩን አንስተው፣ «ወላሂ ዛሬ አልምረውም!» ብለው ሰፈሩን አናጉት።

«በአላህ አባ ሰይድ፣ እስከ ከርሞ ይታገሱት!»

«ዋሱ ማነው?» አሉ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

«እኔ ነኝ!»

ጩኸታችንን የሰማ ባለባጃጅ አንዲት ተሳፋሪ አስከትሎ እየሮጠ ገባና የአባ ሰይድን እጅ ለቀም አደረገ። እኔን ሊፈልጡኝ መስሎታል። ነገሩን ሳስረዳው ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ኮስተር ብሎ ወደ ማንጎው ዞረና፣ «እንግዲያው እኔም ዋስ ነኝ» አለ። ተሳፋሪዋም ዋስ ሆነች። ይሄኔ አባ ሰይድ ምሳሩን አወረዱ።

ይኸው ከርሞ ደረሰ። የእኔ ማንጎ ዛሬም ቅጠል ብቻ ነው። ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ሁሉንም ሲሰማ የነበረው የአባ ሰይድ ማንጎ ግን ፍሬው ከብዶት ቅርንጫፉን በባላ ደግፈንለታል።