ያልተነሳው ግራ እጄ

ግራ እጄ መጀመሪያ የከዳኝ ደቡብ፣ ሴቻ በሚባለው ከፍታ ላይ ያለ ሰፈር ሳስተምር ነው። በቀኜ እየጻፍኩ በግራዬ የያዝኩት ዳስተር ወደቀ፤ መውደቁን የነገረኝ ጆሮዬ እንጂ ጣቴ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ እንደ ሕልም ሆነብኝ። ክንዴ የሰው ዕቃ ይመስለኛል። አንዳንድ ጠዋት ከደጄ ቁልቁል ስመለከት ከሰፈሩ በታች ያሉት ሁለቱ ሐይቆች አራት ሆነው፣ ቀዩ በሰማያዊው ላይ ተንሳፍፎ ይታየኛል። ያምር ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የከተማው ሐኪም እጄን በመርፌ ወግቶ እንዳልተሰማኝ ሲያይ፣ «የነርቭ ይሆናል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ይዩሽ» አለኝ። ለመሄድ ደግሞ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል።

በዚያ የአብዮት ዘመን በቀበሌ ስብሰባ ሁሉ መጨረሻ ግራ እጅን ጨብጦ አንስቶ መፈክር ማሰማት ግዴታ ነው። ቀኝ አይሆንም። አናነሳም የሚሉት ጴንጤዎቹ ነበሩ፤ ይታሰሩበትም ነበር። እኔ ከሰሜን የመጣሁ፣ ማተቤን ያልበጠስኩ አስተማሪ ነኝ። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ግን እጄ አልተነሳም።

የቀበሌው ሊቀመንበር አየኝ። «ጓዲት፣ ጴንጤዎቹ አንቺንም ጠለፉሽ?»

አዳራሹ ሳቀ። ከሁሉ አስበልጠው የሳቁት አብረውኝ የሚያስተምሩት ናቸው። የእጄን ሕመም ያውቁ ነበር።

ስንወጣ ባሏ በጴንጤነቱ የታሰረባት የጋሞ ጎረቤቴ ክንዴን ያዘች። መያዟን ያወቅሁት በዓይኔ ነው። አማርኛ ስትናገር ወንድና ሴት ይምታታባታል።

«እህቴ፣ ጌታን ተቀበልክ?»

«ኧረ አሞኝ ነው።»

«ጎበዝ! እንደዚያ በላቸው!» ብላ በደስታ ሳቀች።

በማግስቱ ቀበሌ ሄድኩ። «እጅሽን ያነሳሽ ዕለት ወረቀቱን ትወስጃለሽ» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«እጄ ቢነሳማ ወረቀቱ ምን ያደርግልኛል፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

«ይኸው! ክርክሩንም አስተምረውሻል።»

ወራት አለፉ። ሽባ ልሆን ይሆን፣ ልታወር ይሆን እያልኩ አስተማርኩ። ዝናቡ ሲያባራ አንድ ቀን ጣቶቼን ነዘረኝ፤ መጀመሪያ ሙቀት መጣ፣ ቀጥሎ የቀሚሴ ጨርቅ ተሰማኝ። በቀጣዩ ስብሰባ እጄ ተነሳ። ሊቀመንበሩ አስጨበጨበልኝ፤ «ሰውን ማንቃት ይህ ነው!» አለ። ወረቀቱን በደስታ ፈረመ።

የአዲስ አበባው ሐኪም ጉልበቴን በመዶሻ መታ መታ አደረገ፣ መዳፌን በመርፌ ነካካ፣ ዓይኔን በባትሪ አየ።

«አሁን ምንም አይታይም» አለኝ። «እጅሽ እንቢ ባለሽ ጊዜ ነበር መምጣት የነበረብሽ። ሲመለስብሽ ነይ።»

ስመለስ አውቶቡሱ የሙዝ እርሻ ባለበት መንደር፣ ጫኖ ላይ ቀስ አለ። የሙዙ ቅጠል እያንዳንዱ ጥርት ብሎ፣ አንድ አንድ ሆኖ ይታየኛል። ግራ እጄን ቆነጠጥኩት። አመመኝ። እንቢ የሚለው እጄ እንዲመለስልኝ፣ እንዳያመኝ እየተመኘሁ ደግሜ ቆነጠጥኩት።